ራሱን የሚቀበል ጊታር

በ1980ዎቹ አጋማሽ ሐይቅ ከተማ ሠርግ የተጠራ ሰው ሙዚቃውን የሚሰማው ከየቦታው ነበር። ማሲንቆው ከተቀመጠበት ጥግ፣ ከበሮው ከሴቶቹ መሀል፣ ጭብጨባው ከዳሱ ዙሪያ ይመጣል። ዓይኑን ጨፍኖ ጠላውን የሚጎነጭ ሽማግሌ እንኳ ማን የት እንደቆመ ያውቃል። ግራ የሚያጋባው ጊታሩ ብቻ ነው። ጊታሪስቱ አንድ፣ ጊታሩም አንድ ሆኖ ሳለ ድምፁ ከሁለት ወገን ይመጣ ነበር።

ባለጊታሩን ከተማው በስሙ አይጠራውም፤ «ሁለት ጃክ» ነው የሚለው። እኛ የምናግዘው ልጆች ፊት ለፊት «ጋሼ» እንለዋለን፣ ዞር ሲል እኛም ሁለት ጃክ ነው። ደርግ ሲወድቅ ከተበተኑት የኪነት ቡድኖች በአንዱ ደሴ ላይ ይጫወት የነበረ፣ ቡድኑ ሲፈርስ ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወደ ትውልድ ከተማው የተመለሰ ሰው ነው። ከደሴ ሐይቅ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ለሙዚቀኛ ግን መንገዱ ከዚያ ይረዝማል። ደሴ ሆቴል አለ፣ መድረክ አለ፣ ደመወዝ አለ። ሐይቅ ያለው ሠርግ ነው፤ ሠርግ ደግሞ ወቅት አለው። ጥርን ይዞ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ይሮጣል፣ ከዚያ ጊታሩ ወደ ብርድ ልብሱ ይመለሳል።

የኪነት ዘመንን ዛሬ የሚያነሳ ሰው መፈክሩን ነው የሚያስታውሰው። እኔ ደግሞ መሣሪያውን። ደሴ ላይ የወሎ ላሊበላ ኪነት ነበር፤ ማሪቱ ለገሰ የወጣችው ከዚያ ነው፤ አምባሰል ሲነሳ እሷን ሳይጠራ የሚያልፍ ሰው ዛሬም የለም። በየአውራጃውና በየቀበሌው ደግሞ ታናናሾቹ ቡድኖች ነበሩ። የክራሩን ሆድ በጣውላ ሳጥን ለውጠው፣ ፒክአፕ ገጥመው ቦክስ ክራር የሚሉትን ይጫወቱ ነበር። ሊድ ክራር አለ፣ ቤዝ ክራር አለ፤ ሁለቱም ሽቦ ተስቦላቸው አምፕ ላይ ይሰካሉ። ጋሼ ጊታር የጀመረው ከሊድ ክራር ተነስቶ ነው። አጨዋወቱም እስከ መጨረሻው የክራር ግርፍ እንጂ የጊታር ኮርድ አልነበረበትም፤ ጣቶቹ አምስት ድምፅ የለመዱ ናቸው። የሮሃ ባንዱን ሰላም ስዩምን በካሴት እየሰማ ለዓመታት እንዳጠና ይናገር ነበር። ካሴቱ ከመደጋገሙ የተነሳ ክሩ ተበጥሶ በጥፍር ቀለም እንደተቀጠለም ይናገር ነበር፤ ይህኛውን ግን ሁሉም ሰው ስለራሱ ካሴት ይለዋል።

ጊታሩ ሁለት ፒክአፕ አለው። ፒክአፕ ማለት ከክሮቹ ሥር የተቀመጠ ማግኔትና በላዩ የተጠመጠመ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። የብረቱ ክር ሲንቀጠቀጥ ጥቅሉ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ አምፑ ያንን አጉልቶ ወደ ድምፅ ይመልሰዋል። አንገቱ ሥር ያለው ፒክአፕ ክሩ ሰፋ ብሎ ከሚወዛወዝበት ስለሚቀዳ ድምፁ ወፍራምና ለስላሳ ነው። ክሮቹ ከታች ከሚታሰሩበት አጠገብ ያለው ቀጭንና ሹል ነው። በተለመደው ጊታር ሁለቱ ውስጥ ለውስጥ ተገናኝተው ሽቦ በሚሰካበት በአንድ ጃክ ይወጣሉ። የጋሼን ግን ደሴ ፒያሳ አካባቢ የነበረ አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ለያይቶ፣ ከጎኑ ሌላ ቀዳዳ አውጥቶ፣ ሁለተኛ ጃክ ተከለለት። መሰርሰሪያ አልነበረውም መሰለኝ፣ ቀዳዳው የተበሳው በጋለ ብረት ነው። ዙሪያው ከስሎ ጥቁር ቀለበት ሠርቶ ነበር፤ ከሩቅ ያየው ሰው ጌጥ ይመስለዋል።

ጠጋኙ ነገሩን ከየት እንዳመጣው አልነገረንም፤ ሐሳቡ ግን ሌላ ቦታም ዕድሜ ነበረው። የስቴሪዮ ሸክላ ገበያ ላይ በወጣበት ሰሞን አንዳንድ የአሜሪካ ጊታር ሠሪዎች ተሯሩጠውበታል። ግሬች እ.ኤ.አ. በ1958 ሦስቱን ወፋፍራም ክሮች ወደ አንድ አምፕ፣ ሦስቱን ቀጫጭን ወደ ሌላ አምፕ የሚልክ ጊታር አወጣ። ጊብሰን በ1959 ኢኤስ 345 የተባለውን ሠራ፤ አንዱ ፒክአፕ ወደ አንድ አምፕ፣ ሌላው ወደ ሌላ ይሄዳል። ሪከንባከርም ብዙ ሳይቆይ «ሪክ ኦ ሳውንድ» ብሎ በዚያው መንገድ ተከተለ። ዘለቄታ ግን አላገኘም። ሁለት አምፕ ተሸክሞ መዞር ማን ይወዳል? ኢኤስ 345 የገዙ ብዙ ሰዎች ጊታራቸውን አስከፍተው ወደ ሞኖ አስለውጠዋል። እዚያ ስቴሪዮውን ሞኖ ሲያደርጉ፣ ደሴ ላይ ሞኖው በጋለ ብረት ስቴሪዮ ይደረግ ነበር ማለት ነው።

የጋሼ ጊታርም ለሁለቱ ጃኮች ሁለት አምፕ ነበረው፤ አንደኛው የምር የጊታር አምፕ ነው። ከፈረሰው ኪነት የተረፈ ነው ይባላል፤ እንዴት እንደተረፈ የጠየቀ የለም። ሁለተኛው ቴፕ ነው። ያኔ በየቤቱ ኮሞዲኖ ላይ ዳንቴል ለብሶ የሚቀመጠው፣ ፊቱ ላይ «ስቴሪዮ» ተብሎ በብር ቀለም የተጻፈበት ትልቁ ቴፕ። ያው ጠጋኝ ከቴፑ ቮሊዩም ላይ በብየዳ ሽቦ ቀጥሎ አወጣለት፣ ትንንሾቹን ስፒከሮች ትቶ በጣውላ ሳጥን ውስጥ ከተገጠመ ትልቅ ስፒከር ጋር አገናኘው። ቴፑን አብርተው ሽቦውን ጊታሩ ላይ ሲሰኩት አምፕ ሆነ። ካሴት ቤቱ ባዶውን ክፍት ሆኖ ይቀመጣል፤ ሕፃናት እየመጡ ጣታቸውን ይከቱበታል።

የእኔ ሥራ ሽቦ መሳብ ነበር። እንደዚያ የምታስቀና ሥራ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ከዳሱ አንድ ጫፍ ጋሼና ትልቁ አምፕ፣ ከሌላው ጫፍ ቴፑና ሳጥኑ። ሽቦው በመሀል በእንጨቶቹ ላይ እየተንጠለጠለ ያልፋል፤ መሬት ላይ ከተውነው ወይ ጫማ ይረግጠዋል ወይ በግ ይበላዋል። የቱ ፒክአፕ የቱ አምፕ ላይ እንደሚሰካ ምርጫ ያለው ይመስለኝ ነበር፤ አልነበረውም። የጊታር ሽቦ በረዘመ ቁጥር ቀጫጭኑን ድምፅ ይበላል፤ ከስድስት ሰባት ሜትር ሲያልፍ ጊታሩ አፉን በጨርቅ የያዙት ይመስላል። ስለዚህ ሹሉ ፒክአፕ ሁልጊዜ ወደ ሩቁ አምፕ ነው የሚሄደው፤ ሽቦው ሹልነቱን ቢበላበትም የሚተርፈው አለው። ወፍራሙ ቅርብ ይቀራል። አንድ ቀን አዛውሬ ሰካሁትና ጋሼ ገና አንድ ክር እንደመታ ቀና ብሎ በዳሱ ርዝመት አየኝ። አልተናገረም። ሄጄ መለስኩት።

ዳሱ ለምን እንዲያ እንደሚረዝም ወሎ ላይ ያልኖረ ሰው ላይገባው ይችላል። የእኛ ሠርግ ሁለት ገበታ አለው። የእስላሙ ሥጋ በእስላም ተባርኮ ይታረዳል፣ የክርስቲያኑ በክርስቲያን። ድስቱ ይለያል፣ ወጥ አውጪዋ ትለያለች፤ በአንዱ በኩል ጠላ ይዞራል፣ በሌላው ቀሪቦ። ሠርገኛው ግን አንድ ነው፤ ጎረቤት ነው፣ ዕድርተኛ ነው፣ አንዳንዱም የሥጋ ዘመድ። ስለዚህ ዳሱ ቀጥ ብሎ ይረዝማል፤ ገበታዎቹ በሁለቱ ጫፍ ይሆናሉ፣ መሀሉ ለጭፈራ ይተዋል። አንዱ አምፕ በአንዱ ገበታ፣ ሌላው በሌላው በኩል ቆመ። ይህን አይተው «ጊታሩ እስላምና ክርስቲያኑን አስማማ» እያሉ የሚያሳምሩት አሉ። ሰዉ ተስማምቶ ነው ዳሱ የተጣለው፤ ጊታሩ የደረሰው ሽቦው ስለደረሰ ነው። አንድ ነገር ግን እውነት ነው። በአንድ አምፕ ጊዜ ሙዚቃው ያለበት ጫፍ «ላይ ቤት» ይሆን ነበር፤ ሌላው ጫፍ የተጋበዘው ለምግብ ብቻ ይመስለዋል። ሁለተኛው አምፕ ከመጣ ወዲህ ታች ቤት ቀረ።

የዳሱ ርዝመት ሌላ ችግርም ነበረው። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። ፈጣን ይመስላል፣ ግን 17 ሜትር ለመሄድ የሰከንድ አንድ ሃያኛ ይፈጅበታል፤ ለጨፋሪ ደግሞ የሰከንድ አንድ ሃያኛ ብዙ ነው። ዘፋኙ በዚያኛው ጫፍ ሆኖ ሲዘፍን በዚህኛው ጫፍ ያሉት ሴቶች ከበሯቸውን በሰሙት ልክ ይመታሉ፤ ምታቸው ተመልሶ ዘፋኙ ጋ ሲደርስ እጥፍ ዘግይቷል። ረጅም ዳስ ውስጥ ጭብጨባ እየተንሸራተተ፣ ዘፈኑ እየጎተተ የሚሄደው ስለዚህ ነው። በሽቦ የሚሄደው ግን ወዲያው ይደርሳል። ከሩቁ አምፕ አጠገብ የሚመቱት ሴቶች ጊታሩን የሚሰሙት ጋሼ ክሩን በመታበት ቅጽበት ነው፤ ጋሼ ከተሳሳተ አብረውት ይሳሳታሉ፣ ከፈጠነ አብረውት ይፈጥናሉ። ችግሩ የተዛወረው ወደ እሱ ነው። የሩቁ አምፕ ድምፅ በአየር ተመልሶ ሲመጣለት የራሱን ጊታር ሁለተኛ ጊዜ ይሰማዋል። ላልለመደው ያደናግራል። እሱ አንገቱን ወደ ቅርቡ አምፕ ዘንበል አድርጎ፣ ሩቁን እንዳልሰማ ሆኖ መጫወት ለምዷል። ፎቶ ላይ ሁሉ አንገቱ ዘንበል ያለ ነው፤ ሰው ስሜት ይመስለዋል።

መሀል ሜዳው ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚሰማው። ሁለቱ ድምፆች እኩል ይደርሱታል፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፤ ጊታሩ ከግራም ከቀኝም ሳይሆን ከፊቱ፣ ከባዶ ቦታ ላይ ይመጣል። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ካለ ድምፁ አብሮት ይዞራል። እስክስታ የሚወርዱት ሰዎች ይህን ሲያውቁት አልቀረም፤ መሀሏን ለመያዝ የነበረው ግፊያ ለካሜራ ብቻ አልነበረም። ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1975 ጄሲ 120 ብሎ ያወጣው ታዋቂ አምፕ ያለው ምስጢር ከዚህ የራቀ አይደለም። በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት አምፕና ሁለት ስፒከር አለው፤ አንደኛው ጊታሩን እንዳለ ያወጣል፣ ሌላው ትንሽ እያወዛወዘ። ሁለቱ የሚቀላቀሉት ሽቦ ውስጥ ሳይሆን አየር ላይ ነው። የእኛዎቹ ሁለት ሳጥኖች የሚቀላቀሉበት አየር ከእሱ ይሰፋል፣ ሽሮና በርበሬም ይሸታል።

የጋሼን ጨዋታ ለመረዳት ግን ስለ አምባሰል ቅኝት ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ጊታር ላይ ስድስተኛውን ወፍራሙን ክር ባዶውን ቢመቱት ሚ ነው። ከዚያ ተነስቶ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ብሎ ወደ ሚ የሚመለስ ሰው አምባሰል ተጫወተ። እነዚህኑ አምስት ድምፆች ይዞ፣ አንዱንም ሳይጥል አንዱንም ሳይጨምር፣ ማረፊያውን ከስድስተኛው ወደ አምስተኛው ክር ቢያዛውረው ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ይሆናል፤ ትዝታ ማይነር ነው። ልዩነቱ የት ነው የምታርፈው የሚለው ብቻ ነው። አምባሰል ከማረፊያው ግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ብሎ ስለሚጀምር ደረት ላይ ይጫናል፣ ትዝታው ለቀቅ ይላል። ማሲንቆ መቺው ያቺን ግማሽ ድምፅ እንደልቡ ዝቅ አድርጎ፣ ከፍ አድርጎ ያስቀምጣታል፤ ጊታር ግን አንገቱ ላይ ድምፁን የሚወስን ፍሬት የሚሉት ብረት ስላለው አይፈቅድም። ጋሼ ክሩን በጣቱ ወደ ጎን እየገፋ ጭማሪዋን ይሰርቅ ነበር እንጂ ፍሬቱ ያለበት ላይ ብቻ አርፎ አያውቅም።

ጊታሩ ለእያንዳንዱ ፒክአፕ የየራሱ የቮሊዩም ቁልፍ አለው። በቀኝ እጁ እየገረፈ በትንሽ ጣቱ አንዱን ቁልፍ ሲመልስ ድምፁ ከዚያ ወገን ይቀንስና ወደ ሌላው ያደላል፤ ጊታሩ በሰው መሀል አልፎ የሄደ ይመስላል። ሲሸኝ፣ ሙሽራዋ ከቤተሰቧ ስትለይ፣ አምባሰሉን በወፍራሙ፣ በቅርቡ አምፕ ይጀምረዋል። ሁለት ሦስት ዙር ይሄድበታል። ከዚያ ማረፊያውን ወደ ላ ሲያዛውር ትንሿ ጣት ቁልፉን ታዞራለች። ትዝታው ከሙሽራዋ ቤተሰብ በኩል፣ ከዳሱ ሌላ ጫፍ፣ በቀጭኑ ድምፅ ይመጣል። ማረፊያው ሲቀየር ወገኑም ይቀየራል። እናቶቹ የሚያለቅሱት ሁልጊዜ እዚያች ላይ ነው። እኔ ቴፑ አጠገብ ቁጭ ብዬ ድምፁ ወደ እኔ ሲመጣ እጠብቀው ነበር፤ ስንት ጊዜ ሰምቼውም አልለመድኩትም።

ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። መንዙማም ሆነ ዘፈን አውራጅና ተቀባይ አለው፤ አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ተቀብለው ይመልሱለታል፣ ያ መመለስ ከሌላ ቦታ ካልመጣ ዘፈኑ አልሞቀም። ብቻውን የቀረ ጊታሪስት ተቀባይ የለውም፤ ባንዱ ተበትኗል፣ ቤዝ ክራሩ የት እንደገባ አይታወቅም፣ ሊዱም እሱ ነው ቤዙም እሱ። እና ተቀባዩን ከራሱ ጊታር አወጣው። ብዙ ሰው ይህንን እንደ ድህነት መላ ነው የሚያየው፤ «መሣሪያ ስላልነበራቸው ቴፕ ቀጥለው» እያሉ በማዘን ያወሩታል። ቴፕ መቀጠላቸው ችግር ነው፣ አልክድም። ጊታሩን ለሁለት መክፈል ግን ችግር አላዘዘውም። አንድ አምፕ ይበቃው ነበር፤ ሌሎች ከተሞች በአንድ አምፕ ይድሩ ነበር።

ጣጣው ግን ብዙ ነበር። ሁለቱ አምፖች በተለያየ ሶኬት ሲሰኩ ጊታሩ ባይነካም ያጓራሉ፤ ጃክ ነክቶ ማይክ ላይ ከንፈሩን ያስጠጋ ዘፋኝ ደግሞ ይነዝረዋል። መፍትሔው አንድ ነው፤ የአንዱን ስፒና ከሶኬቱ ነቅሎ ገልብጦ መሰካት። ባለሁለት እግር ስፒና ስለነበር በሁለቱም በኩል ይገባል፣ በአንደኛው በኩል ማጓራቱ ይቀንሳል። ጀማሪ ዘፋኝ ማይኩን በመሐረብ ይዞ ነው የሚገባው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ድምፁ ሳይጠፋ ወፍራሙ የሚጠፋበት ጊዜ ነው። ሁለቱም አምፕ ይሠራል፣ ለየብቻ ሲሰሙት ደህና ነው፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን መሀል ላይ የቆመ ሰው የቆርቆሮ ድምፅ ብቻ ይሰማል። አንዱ ስፒከር ሽቦው ተገልብጦ ስለታሰረ አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል፤ አንዱ የሰጠውን አየር ሌላው ይወስደዋል። ጋሼ የስፒከሩን ሽቦ ይፈታና የራዲዮ ድንጋይ ያስነካዋል። ኮኑ ወደ ውጭ ከዘለለ ደህና፣ ወደ ውስጥ ከገባ ይገለበጣል። እኔ መዳፌን በስፒከሩ ላይ አስቀምጬ «ወጣ» ወይም «ገባ» እላለሁ። ፊዚክስ መምህራችን ይህንን ከዓመት በኋላ በሰሌዳ ላይ ሲያስተምረን እጄን አውጥቼ ብዙ ተናግሬ ነበር፤ ደስ አላላቸውም።

ማታ ማታ፣ ከከተማው አጠገብ ባለው ሐይቅ ላይ ቀዝቃዛ አየር ሲተኛ፣ ድምፅ ወደ ላይ ከመበተን ይልቅ ወደ መሬት እየታጠፈ ይርቃል። ከሐይቁ ማዶ ያሉ ዘመዶቻችን ሠርጋችንን ቤታቸው ሆነው ይሰሙት እንደነበር ይነግሩን ነበር። የእስጢፋኖስ ገዳም መነኮሳትም ሳይወዱ ሳይሰሙት አልቀሩም። ለእነሱ ግን ጊታሩ አንድ ነው። ሁለትነቱ የሚሰማው ዳሱ ውስጥ ላለ ሰው ብቻ ነው፤ ርቆ ለሰማው ሁለቱም አምፕ አንድ ነጥብ ይሆናል። ስለዚህ ነው በዚያን ጊዜ ላልነበረ ሰው ስነግረው ፊቱ ላይ የማየው ጥርጣሬ የማይገርመኝ። ሠርጎቻችንን የቀዱ ካሴቶች አሉ፤ የተቀዱት ግን በአንድ ማይክ ነው፣ ማይኩም የተሰቀለው አንዱ አምፕ አጠገብ። የቀረው ምስክር የእኛ ጆሮ ነው።

በ1990ዎቹ ኦርጋኑ መጣ። አንድ ሰው፣ አንድ ኦርጋን፣ ተቀድቶ የሚመጣ ከበሮ፤ ለደጋሹ በሁሉም በኩል ይረክሳል። ጊታሩን ኦርጋኑ ገደለው ይላሉ። እኔ የምወቅሰው ሚክሰሩን ነው። ኦርጋን ከጊታር ጋር አብሮ መኖር ይችላል፤ አዲስ አበባ ዋልያስም ሮሃም ሁለቱን አስማምተው ኖረዋል። ሚክሰር ግን እያንዳንዱን መሣሪያ ከቆመበት ቦታ ነቅሎ ወደ አንድ ሳጥን ይከተዋል። ከዚያ በኋላ ጊታሩ ያለው ጊታሪስቱ ጋ አይደለም፣ ሞንታርቦ የሚባለው ትልቅ ስፒከር ጋ ነው፤ ዘፋኙም እዚያው ነው፣ ከበሮውም እዚያው። ድምፁ አድጓል፣ ጠርቷል፣ አይነዝርም። ግን ሁሉም ከአንድ አፍ ነው የሚወጣው።

ጋሼ አልተከራከረም። ጊታሩን ለአንድ የደሴ ወጣት ሸጦ ሱቅ ከፈተ፤ ሳሙናና ስኳር ይሸጥ ጀመር፣ ይደላዋልም። ገዢው ሁለተኛውን ቀዳዳ በስቱኮ ደፍኖ ቀለም ቀባው። ፒክአፖቹንም መልሶ አገናኛቸው።

በቅርቡ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ላይ በነበረ አንድ ሠርግ ከሚክሰሩ ጀርባ የተቀመጠ ልጅ አጠገብ ቆምኩ። ሚክሰሩ አሥራ ስድስት መስመር አለው፤ በየመስመሩ ድምፁን ወደ ግራና ቀኝ የሚወስድ ፓን የሚሉት ቁልፍ አለ። ሁሉም ቀጥ ብለው መሀል ላይ ቆመዋል።

«ለምን አትከፋፍላቸውም?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ጊታሩን ወደ ቀኝ ብወስደው በግራ የተቀመጠው ሰው ያለ ጊታር ሊሰማ ነው። የከፈለው እኮ እኩል ነው።»

ልክ ነው። ሰፊ ቦታ ላይ ድምፅ የሚያወጣ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ቤት ውስጥ የሚያምረው ስቴሪዮ ሜዳ ላይ ግማሹን ሰው ያጎድላል። የእኛው ሁለት ጃክ ያጎደለው ሰው ግን አልነበረም፤ ሁለቱም ወገን ሙሉ ዜማውን ያገኛል፣ የሚለየው መልኩ ነው። ይህንን ላስረዳው ሞከርኩ፤ ሁለት ፒክአፕ፣ ሁለት ሽቦ፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን፣ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ። ልጁ አሰበበትና ወደ ኦርጋኑ ጀርባ ጠቆመኝ። ኦርጋኑ ሁለት መውጫ አለው፣ ግራና ቀኝ ተብሎ ተጽፎበታል፤ ሽቦ የተሰካው ግራው ላይ ብቻ ነው።

«ይኸው ራሱ ሁለት ነው፤ አንዱ ይበቃል ብለን ነው» አለኝ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፦ «እሞክረዋለሁ፣ ኬብሉን ከገዙልኝ። ለሁለተኛው መስመር ግን ዋጋ ይጨመራል።»